ሪሞቱ ማን ጋ ነው?

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው «ፕላዝማ» ሲባል ትዝ የሚለው የቴሌቪዥን ዓይነት አይደለም። አስተማሪ ነው። ያውም የማይደክም፣ የማይቀር፣ ጥያቄ ደግሞ የማይሰማ አስተማሪ።

ነገሩ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ገደማ ነው። በመቶዎች በሚቆጠሩ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ትልልቅ ስክሪኖች ተተከሉ። ጣሪያ ላይ ዲሽ ወጣ። ትምህርቱ ከአዲስ አበባ በሳተላይት ይለቀቃል። ዝግጅቱ በአብዛኛው የተሠራው ደቡብ አፍሪካ ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ሲቪክስ ሳይቀር፣ ከጎንደር እስከ ሞያሌ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ድምፅ ይሰጣል።

ሐሳቡ ቅን ነበር። የተማሪው ቁጥር አሻቅቧል። ዲግሪ ያለው የፊዚክስ መምህር ግን እንደ ልብ አይገኝም። ታዲያ ጎበዝ መምህር ቀርጾ ለሁሉም ማሳየት ምን ክፋት አለው? የገጠሩ ልጅ ከከተሜው እኩል ይማር ማለት እኮ ነው።

ችግሩ የመጣው ሥርጭቱ ቀጥታ ከመሆኑ ነው። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር ማስቆም አይችልም። ወደ ኋላ መመለስም አይችልም። ድምፁን ከመጨመርና ከመቀነስ ሌላ ሥልጣን የለውም። መጀመሪያ ላይ ለመግቢያ፣ መጨረሻ ላይ ለማጠቃለያ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ ይተውለታል። መሃሉ የስክሪኑ ነው። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ። ነገ ስክሪኑ ያልተማሩትን እንደተማሩ ቆጥሮ ወደሚቀጥለው ርዕስ ይገባል።

በፕላዝማ የተማረ ሁሉ የሚያስታውሳት አንዲት ነገር አለች። ስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ትጠይቃለች። ትንሽ ዝም ይባላል። ተማሪው ጥያቄውን ደብተሩ ላይ ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። ከዚያ ማንም ሳይመልስ «በጣም ጥሩ!» ተብሎ ይታለፋል። እስከ 6ኛ ወይም እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር የቆየ የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ ለጆሮው እንግዳ በሆነ እንግሊዝኛ፣ በዚያ ፍጥነት ምን ሊይዝ እንደሚችል መገመት ይቻላል። ፈጣን ተማሪዎች ተጠቅመውበታል፤ ይሄ ሐቅ ነው። ላብራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይን ማየትም ቀላል ነገር አልነበረም። መምህሩ ግን በገዛ ክፍሉ ውስጥ እንግዳ ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ቀስ በቀስ በየቦታው ስክሪኑ ተበላሸ፣ ወይም ተዘጋ። ጠመኔው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ 20 ዓመት አለፈ። ስክሪኑ ታብሌት ሆነ፣ ስማርት ቦርድ ሆነ፣ አሁን ደግሞ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) እየተባለ ነው። ለእኔ ግን ጥያቄው ያው ነው። ዕቃው ክፍል ከገባ በኋላ ማስቆም፣ መመለስና መቀየር የሚችለው ማን ነው? መምህሩ? ተማሪው? ወይስ ሩቅ ያለ፣ ክፍሉን አይቶ የማያውቅ ሰው? በዓለም ላይ የተሞከሩትን ነገሮች ብናይ፣ የሠራውን ካልሠራው የሚለየው በአብዛኛው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ከወንጪ እስከ ፔሩ

እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ሰው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የሚል ዘመቻ ጀመሩ። ዋጋው 100 ዶላር ይሆናል ተብሎ ነበር። በተግባር ወደ 200 ተጠጋ። አረንጓዴና ነጭ፣ ጆሮ ያለው የሚመስል ትንሽ ላፕቶፕ። በሺዎች የሚቆጠሩት ኢትዮጵያም ገብተዋል። ከሁሉም በላይ የገዛችው ግን ፔሩ ናት፤ 900 ሺህ ገደማ።

ፔሩ ውስጥ 319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ተጠንተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ብዙ ሰው ደነገጠ። ልጆቹ ኮምፒዩተር መጠቀም ችለዋል። በሒሳብና በቋንቋ ግን ላፕቶፕ ካልደረሳቸው ልጆች አልተሻሉም። ለምን? መምህራኑ በቂ ሥልጠና አላገኙም፤ ሶፍትዌሩ ክፍል ውስጥ ከሚሰጠው ትምህርት ጋር አልተያያዘም። ዕቃው ተሰጠ፤ ምን ይሠራበት የሚለው ጉዳይ ግን ባለቤት አላገኘም።

በዚያው ዓመት እነ ኔግሮፖንቴ እኛ አገር አንድ ደፋር ሙከራ አደረጉ። በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፣ ለ40 ያህል ልጆች ታብሌት ሰጡ። መምህር የለም፣ መመሪያ የለም። ታብሌቱ እንደታሸገ ካርቶኑ ተቀመጠላቸው። በፀሐይ ኃይል ይሞላል። አንድ ሰው በየሳምንቱ እየመጣ ሚሞሪ ካርዱን ይቀይራል። ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደተናገሩት፣ አንዱ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኘው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደል ይዘምሩ ጀመር። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱት።

ዓለም አጨበጨበ። እኔም ልጆቹን አደንቃለሁ። ግን የገጠር ልጅ ብልህ መሆኑን ለማወቅ ታብሌት አያስፈልግም ነበር፤ እናቱን መጠየቅ ይበቃል። ፊደል መዘመር ሌላ ነው፣ ማንበብ ሌላ። ያውም ፊደሉ የእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ ቤታቸው የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። የዓለም ባንክ ስሌት እንደሚለው ኢትዮጵያ ውስጥ በ10 ዓመታቸው አጭር ጽሑፍ አንብበው የማይረዱ ልጆች ከመቶ 90 ናቸው። ይህን ያህል ጉድጓድ ያለ መምህር፣ በሰው ቋንቋ፣ በካርቶን ታሽጎ በመጣ ዕቃ አይሞላም።

ልጁ ካለበት መጀመር

ታብሌት ራሱ ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ጎረቤት ታንዛኒያ ውስጥ የሆነውን እንይ። በታንጋ ክልል 170 መንደሮች ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆች ታብሌት ተሰጣቸው። ለ15 ወር ተጠቀሙበት። አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም ነበር። ከመቶ 90 በላይ የሚሆኑት አንዲት የስዋሂሊ ቃል እንኳ ማንበብ አይችሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ ሲታወቅ ልጆቹ በማንበብም፣ በመጻፍም፣ በቁጥርም ተሻሽለው ተገኙ። ሙከራው የሶፍትዌር ሠሪዎች ውድድር ነበር፤ ሽልማቱን የእንግሊዝና የኬንያ ቡድን የሆነው ዋንቢሊየን ከደቡብ ኮሪያና አሜሪካው ኪትኪት ስኩል ጋር እኩል ተካፈለ። ሶፍትዌሮቹ ማንም ወስዶ እንዲቀይራቸው ኮዳቸው ክፍት ተደረገ።

ከወንጪ በምን ተለየ? አንደኛ፣ ትምህርቱ ልጆቹ በሚያውቁት በስዋሂሊ ነው። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ልጁ ሲሳሳት ይመልሰዋል፣ ሲችል ያሳልፈዋል። ሪሞቱ ልጁ ጋ ነው ማለት ይቻላል።

ሕንድ ዴልሂ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ማይንድስፓርክ የሚባል ሶፍትዌር ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለ600 ገደማ ተማሪዎች ተሞከረ። በአራት ወር ተኩል ውስጥ በሒሳብም በሂንዲም የሚታይ ለውጥ መጣ። ጥናቱ ያወጣው ሌላ ነገር ግን ከውጤቱ ይበልጥ ይቆረቁራል። ልጆቹ በመዝገብ ካሉበት ክፍል በዕውቀት ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ቀርተው ነበር። መምህሩ የ8ኛ ክፍልን ያስተምራል፤ ከፊቱ የተቀመጠው ልጅ ገና የ4ኛ ክፍል ክፍልፋይ አልገባውም። ሶፍትዌሩ ልጁን ፈትኖ ካለበት ይጀምራል። 60 እና 70 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል መምህር ይህን በአፉና በጠመኔ ብቻ ያድርገው ማለት ግፍ ነው። ቴክኖሎጂ መምህሩን ሊያግዘው የሚገባው እዚህ ላይ ነበር። ፕላዝማ ደግሞ የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው፤ 60ውን ልጅ እንደ አንድ ሰው ቆጠረ።

የኬንያው ታሪክ ደግሞ ለእኛ ሰዎች የበለጠ ይቀርባል። ኪሱሙ አካባቢ ተመራማሪዎች ሦስት ነገር አወዳደሩ። በአንዱ ወገን ለተማሪዎች የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ተሰጠ። በሌላው ለመምህራን ታብሌት ተሰጠ። በሦስተኛው ታብሌቱ የተሰጠው እየዞሩ መምህራንን ለሚደግፉት ሱፐርቫይዘሮች ብቻ ነው። በተማሪው ውጤት ላይ የጎላ ልዩነት አልታየም። ታዲያ ልዩነት ከሌለ የቱ ይረክሳል? ሱፐርቫይዘሩ ነዋ! አንድ ሰው ብዙ ትምህርት ቤት ያዳርሳል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ቱሶሜ የሚባለውን የንባብ ፕሮግራም በአገር ደረጃ ስትጀምር ታብሌቱን የያዙት እነሱ ናቸው። ክፍል ገብተው ያያሉ፣ ልጆች ያስነብባሉ፣ ውጤቱን ይመዘግባሉ፣ ወጥተው ከመምህሩ ጋር ይነጋገራሉ። እኛም አገር የጉድኝት ማዕከልና የክላስተር ሱፐርቫይዘር አለን። ሱፐርቫይዘሩ ዛሬ የሚይዘው ቼክሊስትና እስክሪብቶ ነው። የመጓጓዣ ገንዘብ ካገኘ ማለት ነው።

ቦትስዋና ደግሞ ከሁሉም የቀለለውን አደረገች። በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ለወላጆች በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በቴክስት ተላከ። ለአንዳንዶቹ ደግሞ በተጨማሪ 20 ደቂቃ ያህል ተደወለላቸው፤ ደዋዩ ከወላጁና ከልጁ ጋር አብሮ ይሠራል። ቴክስት ብቻ የደረሳቸው ልጆች ያን ያህል አልተለወጡም። የተደወለላቸው ግን ተለወጡ። ሙከራው በኋላ ሕንድ፣ ኬንያ፣ ኔፓል፣ ፊሊፒንስና ኡጋንዳ ውስጥ ተደግሟል። ስማርት ስልክ አያስፈልግም። ባትሪዋ ሦስት ቀን የምትቆየው ባለ ቁልፍ ስልክ ትበቃለች። እኛ አገር መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትምህርቱ የሄደው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ነው። ለልጁ ደውሎ «ገባህ ወይ?» የሚል ሰው በሥርዓቱ ውስጥ አልነበረም።

ማንም ያላከፋፈለው ቴክኖሎጂ

እስካሁን ያወራሁት በፕሮጀክት ስለሚመጣ ነገር ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ዛሬ የኢትዮጵያ ተማሪ ትልቁ የትምህርት ቴክኖሎጂ በሪባን ቆረጣ የመጣ አይደለም። ቴሌግራም ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ ሳይደርስ ፒዲኤፉ ደረሰ። የማትሪክ ጥያቄ ከነመልሱ፣ የመምህራን ኖት፣ አጫጭር ቪዲዮ፣ ሁሉም እዚያ አለ። አንዱ ልጅ ዋይፋይ ካለበት ያወርዳል፣ በዜንደር ወይም በፍላሽ ለጓደኞቹ ያካፍላል። ማን አስተማራቸው? ማንም። ሪሞቱ እነሱ ጋ ስለሆነ ነው።

በዚያው ልክ ጉዱም ብዙ ነው። «የዘንድሮ ፈተና እጃችን ላይ ነው» እያለ ገንዘብ የሚሰበስብ ቻናል አለ። መልሱ የተሳሳተ ኖት ከእጅ እጅ ይዞራል። ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ በአራት ኢንች ስክሪን ማንበብ ዓይን ያጠፋል። ስልክ የሌለው ልጅ ደግሞ ጭራሽ ከጨዋታው ውጭ ነው፤ ሴት ልጅ ስልክ የማግኘት ዕድሏ ከወንድሟ ያነሰባቸው ቤቶችም ጥቂት አይደሉም። ትምህርት ቤቶች ለዚህ ሁሉ የሰጡት መልስ ስልክ በር ላይ መቀማት ነው። ክፍል ውስጥ ስልክ መከልከሉን አልቃወምም፤ ብዙ አገሮችም እያደረጉት ነው። ግን ማታ ልጁ የሚማርበትን ቻናል የሚያርም መምህር ከሌለ መከልከሉ ብቻውን የትም አያደርስም። የትምህርት ክፍሉ መምህራን አንድ ቻናል ከፍተው ትክክለኛውን ኖት ቢጭኑ ምን ይከብዳል? ይከብዳል፤ ምክንያቱም ዳታው ከመምህሩ ኪስ ነው።

ኢንተርኔት ለሌለበትም መላ አለ። ኮሊብሪ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። መጽሐፉ፣ ቪዲዮው፣ መልመጃው አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ካለበት ይጫናል። ከዚያ አንድ ተራ ላፕቶፕ ወይም የእጅ መዳፍ የምታክል ራስፕቤሪ ፓይ ኮምፒዩተር ክፍሉ ውስጥ እንደ ሰርቨር ይቀመጣል። ተማሪው በስልክ ወይም በታብሌት በዋይፋይ ይገባል፤ አንድ ሳንቲም ዳታ አይቆጥርም። መምህሩ የትኛው ልጅ የት ላይ እንደተሰናከለ ያያል። ለሳይንስ ደግሞ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ፌት የሚባለው አለ። ተማሪው ሽቦና አምፖል እያገናኘ፣ ፔንዱለም እያወዛወዘ የሚሞክርባቸው የኮምፒዩተር ሙከራዎች ናቸው። ካወረዷቸው በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ከ100 በላይ በሚሆኑ ቋንቋዎች የተተረጎሙ ሲሆን፣ ተርጓሚዎቹ በየአገሩ ያሉ መምህራንና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ኮድ መጻፍ አያስፈልግም፤ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ቃላት በዝርዝር ሰጥቶ በራስህ ቋንቋ ሙላ ይልሃል። የአንዱን ሙከራ ትርጉም አንድ የፊዚክስ መምህር ቁጭ ካለ በጥቂት ቀን ይጨርሰዋል። መሰሉን በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛም መሥራት ይቻላል።

ኤአይን ሳልጠቅስ ባልፍ ትቀየሙኝ ይሆናል። ለመምህር ጥያቄ ለማውጣትና የትምህርት ዕቅድ ለመንደፍ ይጠቅማል። ለተማሪ ግን በአማርኛ የሚሰጠው መልስ አሁንም በልበ ሙሉነት ይሳሳታል፤ ስህተቱን የሚለይ ደግሞ ትምህርቱን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው። እዚህም ያው የፕላዝማ ወጥመድ አለ። «በጣም ጥሩ!» ማለት ይወዳል።

ከሌላ አገር ክፍል ጋር መሥራት

«ዓለም አቀፍ ትብብር» የምትባለው ነገር ትምህርት ቤት ስትደርስ ብዙ ጊዜ ሌላ መልክ ትይዛለች። ከውጭ ያለው እህት ትምህርት ቤት ያገለገለ ኮምፒዩተር ይልካል። የእኛ ልጆች በሰልፍ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፤ የምስጋና ደብዳቤ ይጻፋል። ይሄ ዕርዳታ ነው። ዕርዳታ አይናቅም፤ ትብብር ግን አይባልም። እዚያ ያለው ልጅ ከእኛ ልጅ የሚፈልገው ነገር ከሌለ ሥራው በሁለተኛው ወር ይሞታል።

እውነተኛው የክፍል ለክፍል ሥራ ዕድሜው ረጅም ነው። አይኧርን የሚባለው መረብ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲጀመር ያገናኘው የኒው ዮርክንና የሞስኮን ትምህርት ቤቶች ነበር፤ ያኔ ገና ቀዝቃዛው ጦርነት አላበቃም። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2005 ትምህርት ቤቶቻቸውን የሚያገናኘውን ኢትዊኒንግን ጀመሩ። ለትንንሽ ልጆች ከሚሠሩት ሥራዎች አንዷ በጣም ደስ ትለኛለች። ሁለት ክፍሎች በፖስታ አሻንጉሊት ይለዋወጣሉ። እንግዳው አሻንጉሊት በየተራ ልጆች ቤት እያደረ፣ ልጆቹ በእሱ ስም ወደ አገሩ ደብዳቤ ይጽፋሉ። «ዛሬ ፆም ስለሆነ ሽሮ በላሁ» ብሎ የሚጽፍ ድብ አስቡት!

ለከፍ ያሉት ክፍሎች ግን ከሰላምታ ያለፈ ሥራ ያስፈልጋል። አንዱ ክፍል ያለ ሌላው ሊጨርሰው የማይችል ሥራ መሆን አለበት። ለዚህ ከ2,200 ዓመት በፊት የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኢራቶስቴንስ የሠራው ልኬት ወደር የለውም። የግብፅን ሁለት ከተሞች ጥላ አወዳድሮ የምድርን ዙሪያ አሰላ። ዛሬም በብዙ አገር ያሉ ትምህርት ቤቶች ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ዕለት ይደግሙታል።

እኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተሠራ አገር አለን። ሞያሌና መቀሌ በካርታ ላይ ከሞላ ጎደል በአንድ ቀጥታ መስመር፣ አንዷ ከታች ሌላዋ ከላይ ናቸው። ጊዜው መጋቢት 11 ወይም 12 ነው። በሁለቱም ከተማ አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ብረት ይቆማል። ግንበኞች በሚጠቀሙበት ቱንቢ ቀጥታነቱ፣ በውሃ ልክ የመሬቱ ደልዳላነት ይታያል። ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው የጥላው ጫፍ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላው በጣም ያጥራል። እሷ ናት የምትፈለገው። ሞያሌ ላይ 6 ሳንቲሜትር ገደማ ትሆናለች። መቀሌ ላይ 24።

ከዚህ በኋላ ሥራው ደብተር ላይ ነው። ብረቱንና ጥላውን አሳንሶ ሦስት ማዕዘን መሳል፣ ከላይ በብረቱ ጫፍ ያለውን ዘዌ በፕሮትራክተር መለካት። ሞያሌ 3 ተኩል ዲግሪ፣ መቀሌ 13 ተኩል። ልዩነቱ 10 ዲግሪ። ሙሉ ክብ 360 ስለሆነ የሁለቱ ከተሞች ርቀት የምድር ዙሪያ 36ኛ እጅ ነው። በካርታ ላይ ከደቡብ ወደ ሰሜን በቀጥታ ሲለካ 1,110 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ36 ሲባዛ 39,960። ትክክለኛው 40,000 ገደማ ነው። በአንድ ብረትና በአንድ የቴሌግራም መልእክት!

የሞያሌው ልጅ ቸኩሎ በ6 ፈንታ 7 ሳንቲሜትር ቢጽፍስ? ልዩነቱ ወደ 9 ተኩል ዲግሪ ይወርዳል፤ የምድር ዙሪያ ወደ 42,000 ይዘላል። አንድ ሳንቲሜትር 2,000 ኪሎ ሜትር አስከተለች። ያኔ የመቀሌው ልጅ ይደውላል። «እስቲ ፎቶውን ላክልኝ፣ ብረቱ ዘሟል እንዴ?» ይለዋል። ሁለቱ ልጆች የሚማሩት እዚህች ክርክር ውስጥ ነው። መምህሮቻቸው መልሱን አውቀው ዝም ማለት ከቻሉ።

ይሄው ሥራ ድንበር ሲሻገር ይጣፍጣል። ናይሮቢ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች የዚያ ዕለት ጥላዋ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ የእኛው ወደ ሰሜን። ስቶክሆልም ላይ ያው አንድ ሜትር ብረት 1 ሜትር ከ68 የሚሆን ጥላ ይጥላል። ጥላው ከብረቱ በላይ መርዘሙን እዚያ የሚኖር የሐበሻ ልጅ ፎቶ አንስቶ ሲልክ፣ ስለ ወቅቶች መጽሐፉ ላይ የተጻፈው ነገር ትርጉም ያገኛል።

የዳያስፖራው ነገር ከተነሳ አይቀር፣ እኩል ልውውጥ ያለው እዚያ ነው። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም፣ በፍራንክፈርት ቅዳሜና እሑድ በቤተ ክርስቲያንና በማኅበር አዳራሾች አማርኛ የሚማሩ ልጆች አሉ። ይሰማሉ፣ አይጽፉም። እዚህ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚጽፍ፣ አፉን ከፍቶ ለመናገር ግን የሚፈራ የ9ኛ ክፍል ልጅ አለ። አንዱ ለሌላው የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ቢልክ፣ ሌላው አርሞ ቢመልስ ሁለቱም ያተርፋሉ። የቀጥታ ቪዲዮ አያስፈልግም። ቪዲዮ ዳታ ይበላል፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ 60 ልጅ «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲል ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ለልጆቹ ደኅንነትም መልእክቱ በመምህሩ ስልክ በኩል ቢያልፍ ይሻላል፤ ፊት ሳይታይ፣ የአባት ስም ሳይጠቀስ።

የቀጥታ ጥሪ ግድ ካለ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ማረጋገጥ ነው። የውጭው መምህር 9 ሰዓት ብሎ ሲጽፍ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ማለት ነው። በዚህ ሰበብ አንዱ ወገን ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ሲጠባበቅ ይውላል። ዋሽንግተን ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስትሆን እኛ ጋ አመሻሽ ነው። ሪያድ ግን ከአዲስ አበባ ጋር ሰዓቷ አንድ ነው፤ ለመጀመር ከገልፍ ልጆች ጋር የሚቀል ይመስለኛል። ወሩም ይታሰብበት። ክረምት እኛ ዝግ ነን፤ የገና ዕረፍታቸውም ከእኛ ገና ይቀድማል። ጥቅምትና ኅዳር፣ የካቲትና መጋቢት ለሁለቱም ወገን ይመቻሉ።

ወጪው ምን ያህል ነው? ከስማርት ቦርድ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ለመምህሩ ወርኃዊ የዳታ ካርድ፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ፕሮግራሙ ላይ እንዲያዝለት፣ ሥራው ከውጤት ተኮር ምዘናው ላይ እንዲቆጠርለት። ሦስተኛው ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም። እስካሁን ባለው አሠራር መምህሩ ይህን ሁሉ የሚሠራው በግል ፍቅሩ ነው፤ ሲዛወር ሥራው አብሮት ይሄዳል።

የጥላውን ልኬት መሞከር ለሚፈልግ ርዕሰ መምህር አንድ ማሳሰቢያ። በዓመት ሁለት ዕድል አለ፤ መስከረም 12 ገደማና መጋቢት 11 ገደማ። የመስከረሙ አይሆንም። ምዝገባ አላለቀም፣ ክፍል አልተደለደለም፣ ሰማዩም ገና አልጠራም። ስለዚህ የመጋቢቱ ነው። አጋር ትምህርት ቤት ለመፈለግ ጥር ላይ መጀመር ያስፈልጋል። ዕለቱ ቅዳሜና እሑድ ላይ ከዋለ ዓርብ ወይም ሰኞ ቢለካም ውጤቱ ብዙ አይዛባም፤ ዋናው ሁለቱም ወገን በአንድ ቀን መለካታቸው ነው።